ከልጆቹ በፊት መሪውን፤ የስካውት መሥራች የባደን ፓውል የሕይወት ጉዞ

ክረምቱ አልፎ መንገዱ ሲደርቅ የአምቦ፣ የጊንጪ፣ የጉደርና የሆለታ ወጣቶች ዐይናቸውን ወደ ወንጪ ሐይቅ፣ ወደ ደንዲ ተራራና ወደ ጭልሞ ደን ያነሣሉ። የትምህርት ቤት ክበብም ሆነ የወጣት ማኅበር አባል፣ ድንኳን ተክሎ አንድ ሌሊት ከቤት ውጭ ማደርን የማይመኝ ጥቂት ነው። ወላጅ ልጁን በአደራ የሚሰጠው ከፊት ለሚሄደው መሪ ነው። ያ መሪ ድንኳኑን የት እንደሚተክል፣ እሳቱን እንዴት እንደሚያጠፋ፣ ውኃውን ከየት እንደሚቀዳ፣ ሰማዩ ሲጠቁር ልጆቹን ወዴት እንደሚያሸሽ ያውቃልን? ይህን ዕውቀትስ ማን አስተማረው?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ከመቶ ዓመት በፊት አንሥቶ፣ በሥልጠና መልክ መልስ እንዲያገኝ ያደረገው እንግሊዛዊው የጦር መኮንን ሮበርት ባደን ፓውል ነው። ዓለም ይህን ሰው የሚያውቀው የስካውት መሥራች በሚለው ስሙ ነው። ስካውትን ከመሠረተ በኋላ አሥራ ሁለት ዓመት ቆይቶ ያቋቋመው የመሪዎች ማሠልጠኛ ግን የዚያኑ ያህል አይነሣም። ሰውየው የቅኝ ገዢ ጦር አዛዥ ነበርና በአፍሪካ ምድር የፈጸመው ሁሉ የሚመሰገን አይደለም። ለእንግሊዝ ልጆች ያስተማረው ዕውቀት በአመዛኙ ከአፍሪካ አዳኞች፣ እረኞችና ተዋጊዎች የተቀሰመ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ተብለው ካልተለዩ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ያለው ጫካ

ሮበርት ባደን ፓውል ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1857 በለንደን ከተማ ተወለደ። አባቱ ቄስና በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጂኦሜትሪ መምህር ነበሩ። ልጁ ሦስት ዓመት ሲሆነው አባቱ ስለሞቱ እናቱ ሄንሪታ ግሬስ ብዙ ልጆችን ብቻቸውን የማሳደግ ኃላፊነት ወደቀባቸው። ወንድማማቾቹ የዕረፍት ጊዜያቸውን በእግር ጉዞና በጀልባ ቀዘፋ ያሳልፉ ነበር። ታላቁ ታናሹን እያዘዘ፣ ታናሹም ምግብ እያበሰለና ዕቃ እያጠበ፣ ሥራን ተከፋፍሎ ውጭ መኖርን የተማሩት በዚያ ነው።

በኋላ ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ቻርተርሃውስ ወደተባለው ስመ ጥር ትምህርት ቤት ገባ። ትምህርት ቤቱ በ1872 ከለንደን ወጥቶ ወደ ገጠር ሲዛወር ከግቢው አጠገብ ለተማሪዎች የተከለከለ ትንሽ ጫካ ነበር። ሮበርት ወደዚያ ጫካ እየሾለከ በወጥመድ ጥንቸል ይይዝ ነበር፤ የያዘውንም መምህራን እንዳያዩት ጭስ በማያወጣ እሳት እያበሰለ ይበላ ነበር። ጭስ የማያወጣ እሳት ለማንደድ እንጨቱ ደረቅና ቀጭን መሆን፣ እሳቱም ትንሽ መሆን እንዳለበት የነገረው መምህር አልነበረም። ደጋግሞ ሞክሮ፣ ተሳስቶና አርሞ ደረሰበት። ልጅ ውጭ ያለውን ነገር የሚማረው በእጁ ሲሠራው ነው የሚለው እምነቱ በዚያ ጫካ የተጀመረ ነው ለማለት ይቻላል።

በቀለም ትምህርቱ ግን ብዙም አልገፋም። ኦክስፎርድ ለመግባት ያደረገው ሙከራ አልተሳካለትም። በምትኩ ለጦር ሠራዊት መኮንንነት ተወዳድሮ በፈረሰኛ ጦር ዕጩዎች መካከል ሁለተኛ ሆኖ አለፈና በ1876፣ በ19 ዓመቱ፣ ወደ ሕንድ ተላከ።

በጦር ሜዳ የተቀሰመ ዕውቀት

በሕንድ የወጣቱ መኮንን ዋና ሥራ ቃፊሮችን ማሠልጠን ሆነ። ቃፊር ከዋናው ጦር ቀድሞ የሚሄድ፣ የጠላትን ኮቴ የሚከተል፣ ያየውንም በካርታ ላይ አስፍሮ የሚመለስ ወታደር ነው። እንዲህ ያለ ወታደር አዛዥ ባጠገቡ ሳይኖር ራሱ አስቦ መወሰን ይኖርበታል። ስለዚህ ባደን ፓውል ወታደሮቹን በሰልፍ አቁሞ ከማዘዝ ይልቅ በአነስተኛ ቡድን እየከፈለ፣ ለእያንዳንዱ ቡድን መሪ እየሰየመ፣ ለሊት በከዋክብት አቅጣጫ እየለዩ እንዲጓዙ ያደርግ ነበር። ይህንኑ የሥልጠና መንገድ በ1884 በመጽሐፍ አሳተመ።

ከዚያ በኋላ አብዛኛው ዘመኑ በአፍሪካ አለፈ። በ1888 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በዙሉው ንጉሥ በዲኑዙሉ ላይ በዘመተው ጦር ውስጥ ነበር። በ1895 መጨረሻ ደግሞ የዛሬዋ ጋና በምትገኝበት ምድር በአሻንቲ መንግሥት ላይ ከተላከው ጦር ጋር ዘመተ። በዚያም የአካባቢውን ሰዎች እየመራ በጥቅጥቅ ደን ውስጥ መንገድ አስጠረገ፤ ከሊያናና ከእንጨት ብቻ ድልድይ እንዴት እንደሚሠራም ከእነርሱ ጋር ሲውል አየ።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራዊት በአድዋ ድል በተቀዳጀበት በዚያው የፈረንጆች ዓመት፣ በ1896፣ ባደን ፓውል የዛሬዋ ዚምባብዌ ውስጥ በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ የተነሣውን የንዴቤሌ ሕዝብ ለማስገበር ተሰልፎ ነበር። በማቶቦ ኮረብታዎች መካከል ከአሜሪካዊው ቃፊር ከፍሬደሪክ በርንሃም ጋር እየዋለ ኮቴ መከተልን፣ ድምፅ ሳያሰሙ መንቀሳቀስንና ከተረገጠ ሣር ላይ ሰዓትን መገመትን አዳበረ። ንዴቤሌዎቹ ለሊት ለሊት ስለሚንቀሳቀሰው ስለዚህ ሰው ያወጡት ስም የጅብ ስም እንደነበር ይነገራል። እርሱ ግን የማይተኛ ተኩላ ማለት ነው እያለ በኩራት ይጠራበት ነበር።

በዚያው ዘመቻ ላይ ኡዊኒ የተባለ የንዴቤሌ አለቃ ከተማረከ በኋላ በባደን ፓውል ትእዛዝ በጦር ፍርድ ቤት ቀርቦ በጥይት ተገደለ። ጉዳዩ በአለቆቹ ተመርምሮ መኮንኑ ነፃ ቢባልም፣ ይህ ድርጊት እስከ ዛሬ በስሙ ላይ ጥላውን እንዳጠላ ነው። የስካውትን ታሪክ የሚያነብ አፍሪካዊ ይህን ምዕራፍ ዘልሎ ሊያልፈው አይችልም።

ከበባው

ባደን ፓውልን በሀገሩ ዝነኛ ያደረገው በደቡብ አፍሪካ በእንግሊዞችና በቦየሮች መካከል የተካሄደው ጦርነት ነው። ከኦክቶበር 1899 እስከ ሜይ 1900፣ ለ217 ቀናት፣ ማፌኪንግ የተባለችውን ትንሽ ከተማ ከብዙ እጥፍ ከሚበልጥ ከባቢ ጦር ተከላክሎ ቆየ። የከበባው ማብቂያ ዜና ለንደን ሲደርስ ሕዝቡ በየመንገዱ ወጥቶ ጨፈረ። እርሱም በ43 ዓመቱ ሜጀር ጄኔራል ሆነ።

የማፌኪንግ ታሪክም ሁለት ገጽ አለው። ከተማዋን ከተከላከሉት መካከል የባሮሎንግ ተወላጆች ብዙ ነበሩ። ምግብ ሲያልቅ ግን ከነጮቹ ይልቅ በረሃብ የተጎዱት ጥቁር ነዋሪዎች ሆኑ፤ አዛዡም በራሽን አከፋፈሉ እስከ ዛሬ ይወቀሳል።

ለስካውት ታሪክ መነሻ የሆነው ግን ሌላ ነገር ነው። በከበባው ጊዜ የከተማዋ ልጆች ዩኒፎርም ለብሰው በቡድን ተደራጅተው ነበር። ወታደሮቹ ምሽግ እንዲይዙ ልጆቹ ደብዳቤ ማመላለስና በሆስፒታል ማገዝን ተረከቡ። አዛዣቸው ራሱ ገና ለጋ ልጅ ነበር። ኃላፊነት የተሰጠው ልጅ እንደ ትልቅ ሰው መቆም እንደሚችል ባደን ፓውል በዐይኑ ያየው እዚያ ነው።

የደሴቲቱ ሰፈር

ወደ እንግሊዝ ሲመለስ ያልጠበቀው ነገር ገጠመው። በ1899 ለወታደሮች የጻፈውን የቃፊርነት መጽሐፍ ልጆችና መምህራን እያነበቡት፣ ጨዋታም እያደረጉት ነበር። የአንድ የወጣቶች ማኅበር መሥራች የነበሩት ዊሊያም ስሚዝ መጽሐፉን ለልጆች በሚሆን መንገድ እንደገና እንዲጽፈው መከሩት። በአሜሪካ የልጆች የጫካ ማኅበር ያቋቋመው ኧርነስት ቶምፕሰን ሴተንም በ1906 መጽሐፉን ላከለት። በዚህ ጊዜ የእንግሊዝ ከተሞች በፋብሪካ ጭስ የታፈኑ፣ ልጆቻቸው ሣርና ወንዝ ሳያዩ የሚያድጉባቸው ነበሩ።

ባደን ፓውል ሐሳቡን በወረቀት ከማስፈሩ በፊት በሥራ ሊፈትነው ፈለገ። በኦገስት 1907 መጀመሪያ ከደቡብ እንግሊዝ ጠረፍ አጠገብ ባለችው ብራውንሲ በምትባል ደሴት 20 ያህል ልጆችን ይዞ ለአንድ ሳምንት ያህል ሰፈረ። ከፊሎቹ ከባለጸጎች ትምህርት ቤት የመጡ፣ ከፊሎቹም የሠራተኛ ልጆች ነበሩ። በአንድ ድንኳን ተቀላቅለው አደሩ፤ በአንድ ድስት በሉ። በአራት ቡድን ተከፍለው ተኩላ፣ ኮርማ፣ ቁራና ከርሊው በተባለችው የውኃ ዳር ወፍ ስም ተሰየሙ። እያንዳንዱ ቡድን ከመካከሉ አንድ ልጅ መሪ ነበረው። ጠዋት የሚቀሰቅሳቸው ባደን ፓውል ከንዴቤሌ ዘመቻ ይዞት የመጣው የአጋዘን ቀንድ ድምፅ ነበር።

የቀኑ ሥራ ቋጠሮ ማሰር፣ እሳት ማንደድ፣ ምግብ ማብሰል፣ ኮቴ መለየት፣ የሰጠመን ማዳንና ለተጎዳ የመጀመሪያ ዕርዳታ መስጠት ነበር። ማታ በእሳት ዙሪያ ተረትና ዘፈን ይቀጥላል። ቡድኖቹ ተራ በተራ ዱቄት፣ ሥጋና አትክልት ተቀብለው ከሰፈሩ ርቀው ይሄዱና የራሳቸውን እሳት አንድደው፣ አብስለው፣ ዘብ አቁመው ያድሩ ነበር።

ሙከራው ሠመረ። በጃንዋሪ 1908 የልጆች የስካውት መጽሐፍ በየሁለት ሳምንቱ በስድስት ክፍል መታተም ጀመረ። ባደን ፓውል ያሰበው ነባር የወጣት ማኅበራት ከመጽሐፉ እንዲጠቀሙ ብቻ ነበር። ልጆቹ ግን አልጠበቁም። በየመንደሩ አራት አምስት እየሆኑ ቡድን መሠረቱ፤ የእናታቸውን መጥረጊያ እንጨት በትር አደረጉ፤ ባርኔጣ ገዙ፤ ከዚያም መሪ የሚሆናቸው ትልቅ ሰው ፍለጋ ቤት ለቤት ዞሩ። በ1909 በለንደን በተደረገ ሰልፍ ላይ 11,000 የሚሆኑ ልጆች ሲገኙ፣ ሳይጠሩ የመጡ ሴት ልጆችም ተቀላቀሏቸው። በማግሥቱ ዓመት የሴቶቹ ማኅበር በእኅቱ በአግነስ መሪነት ተቋቋመ፤ እርሱም ከጦር ሠራዊት ተሰናብቶ ሙሉ ጊዜውን ለወጣቶቹ ሰጠ።

መሪ ፍለጋ

እንቅስቃሴው እንደ ሰደድ እሳት ሲስፋፋ ጉድለቱም አብሮ ታየ። ልጆቹ ብዙ ናቸው፤ መጽሐፉም አለ። መሪው ግን የባንክ ጸሐፊ፣ ባለሱቅ፣ የሰፈር ቄስ ወይም መምህር ነው። ልቡ ቅን ቢሆንም ድንኳን ተክሎ አያውቅም። ከመጽሐፍ አንብቦ ለልጆች ይነግራል እንጂ ራሱ አንድም ሌሊት ውጭ አላደረም። አንዳንዱ ደግሞ የሚያውቀው የወታደር ሰልፍ ብቻ ስለሆነ ልጆቹን ግራ ቀኝ እያለ ሲያሰልፍ ይውል ነበር።

የውጭ ኑሮ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚሻ በኦገስት 1912 የደረሰው አደጋ ለሁሉም አሳየ። ዋልዎርዝ ከተባለ የለንደን የድኾች ሰፈር የተነሡ ስካውቶች ወደ ሰፈር ቦታቸው በጀልባ ሲያመሩ ሌይስዳውን ከተባለ ጠረፍ አጠገብ ድንገተኛ ነፋስ ጀልባዋን ገለበጣት። ዘጠኝ ወጣቶች ሰጠሙ። በለንደን የቀብር ሥነ ሥርዓታቸው ላይ የተሰበሰበው ሕዝብ ለቁጥር የሚያዳግት ነበር። መሪያቸው ከሞት ተርፎ ልጆቹን ለማዳን ታግሏል፤ ውኃና ነፋስ ግን በጀግንነት ብቻ አይመለሱም።

ከ1910 ጀምሮ ለመሪዎች አጫጭር ትምህርቶችና የሙከራ ሰፈሮች ተዘጋጅተው ነበር። ባደን ፓውል ግን ወንበር ላይ ተቀምጦ ንግግር መስማት መሪ እንደማያወጣ ተረዳ። ቋሚ ቦታና ወጥ ሥልጠና ያስፈልግ ነበር። ሐሳቡ ሳይፈጸም የአንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ፤ ከወጣት መሪዎቹም ብዙዎቹ ዘምተው ሳይመለሱ ቀሩ። በ1918 ጦርነቱ ሲያበቃ የመሪ እጦቱ ከቀድሞው ብሶ ተገኘ።

ጊልዌል

መፍትሔው የመጣው ዊሊያም ማክላረን ከተባሉ የስኮትላንድ ነጋዴ ነው። ማክላረን የለንደን ድኻ ልጆች የሚሰፍሩበት ቦታ እንዲኖር ፈልገው፣ በከተማዋ ዳር ከኤፒንግ ደን አጠገብ የሚገኘውን ጊልዌል የተባለ የተጎሳቆለ የእርሻ ይዞታ ገዝተው ለስካውቶች ሰጡ። ባደን ፓውል ቦታው የልጆች መስፈሪያ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር፣ የመሪዎችም ማሠልጠኛ እንዲሆን አደረገ። ጊልዌል በጁላይ 1919 ተመረቀ፤ የመጀመሪያው የመሪዎች ሥልጠና ደግሞ ከሴፕቴምበር 8 ቀን ጀምሮ ተሰጠ። በብራውንሲ ልጆቹን ይቀሰቅስ የነበረው የአጋዘን ቀንድ በዚያ ቀንም ተነፋ። የሰፈሩ አዛዥ ፍራንሲስ ጊድኒ የተባለ ወጣት ነበር።

የጊልዌል ዘዴ ቀላል ነበር። ለሥልጠና የመጡት 19 ጎልማሶች የቀድሞ ማዕረጋቸውና የኑሮ ደረጃቸው ቀርቶ ልክ እንደ ልጆቹ በአነስተኛ ቡድን ተከፈሉ። ድንኳናቸውን ራሳቸው ተከሉ፤ እንጨት ለቀሙ፤ አበሰሉ፤ ዕቃ አጠቡ፤ ካርታ እያነበቡ ተጓዙ፤ ከግንድና ከገመድ ድልድይ ሠሩ። በየቀኑ አንዱ ሌላውን መራ። ዝናብ ሲመጣ ከዝናቡ ተማሩ፤ ወጡ ሲያር ካረረው ወጥ ተማሩ። መሪው ልጁ የሚደርስበትን ብርድ፣ ድካምና ፍርሃት ቀድሞ በራሱ አካል እንዲያውቀው ነበር የተፈለገው። በኋላም የሥልጠናው ሥርዓት ሲሟላ በጽሑፍ ጥያቄ መመለስ፣ በሰፈር መሠልጠን፣ ከዚያም ወደ ገዛ ቡድን ተመልሶ የተማሩትን በሥራ ማሳየት የሚሉ ክፍሎች ነበሩት።

ሥልጠናውን ለጨረሱት ባደን ፓውል የሰጠው ሽልማት በቀጭን የቆዳ ጠፍር ላይ የተሰካ የእንጨት ዶቃ ነው። ዶቃዎቹ የተወሰዱት ከደቡብ አፍሪካ ይዞት ከመጣው ረጅም የአንገት ጌጥ ሲሆን፣ ጌጡ የንጉሥ ዲኑዙሉ እንደነበር ይነገራል። የዙሉ ጀግኖች ክብር ምልክት በዚህ መልኩ የወጣት መሪዎች ምልክት ሆነ። ዛሬ ያንኑ የመሰለ ዶቃ በየአህጉሩ ያሉ የስካውት መሪዎች ያጠልቁታል። ቀንዱ ከዚምባብዌ፣ ዶቃው ከዙሉ ምድር የመጣ መሆኑን ልብ ያለ ሰው የዚህ ትምህርት ቤት መሠረት አፍሪካ ውስጥ እንደተጣለ ይገነዘባል። የዕውቀቱ ባለቤቶች ግን ምስጋናውን ሳይሰሙ አልፈዋል።

በኬንያ ተራራ አንጻር

ባደን ፓውል በ1912 ኦላቭ ሶምስን አግብቶ ሦስት ልጆች ወልዷል። ባለቤቱ በኋላ የሴት ልጆቹ ማኅበር ዓለም አቀፍ መሪ ሆነች። በ1920 ከብዙ አገሮች የተውጣጡ ስካውቶች በለንደን ተሰብስበው እርሱን የዓለም ዋና ስካውት ብለው ሰየሙት። በ1929 የእንግሊዝ ንጉሥ የሎርድነት ማዕረግ ሲሰጡት ከማዕረጉ ጋር እንዲጠራ የመረጠው ስም ጊልዌል ነበር። በጦር ሜዳ ዝነኛ ያደረገችውን ማፌኪንግን ትቶ መሪዎች የሚሠለጥኑበትን ቦታ መምረጡ፣ ከሥራው ሁሉ የትኛውን እንዳስበለጠ ያሳያል።

ጤናው ሲዳከም በ1938 ወደ ኬንያ መጥቶ በኬንያ ተራራ አንጻር በምትገኘው ኒየሪ ከተማ በአንዲት ትንሽ ቤት ተቀመጠ። እንስሳትን እየተመለከተና ሥዕል እየሣለ ቀሪ ዘመኑን አሳለፈ። ታኅሣሥ 30 ቀን 1933 ዓ.ም. በ83 ዓመቱ ዐረፈ። ከአሥራ ሁለት ቀናት በኋላ፣ ጥር 12 ቀን፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ተነሥተው በኦሜድላ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ። ባደን ፓውል በተቀበረባት በኬንያም ጣሊያንን ከኢትዮጵያ ለማስወጣት የሚዘምት ጦር ተሰባስቦ ነበር። በመቃብሩ ድንጋይ ላይ በመካከሉ ነጥብ ያለበት ክብ ተቀርጿል። ይህ ስካውቶች በመንገድ ላይ የሚተዉት ምልክት ሲሆን ትርጉሙም ወደ ቤት መመለስን የሚያመለክት ነው።

ለምዕራብ ሸዋ ምን ይነግረናል?

ቦይ ስካውት በኢትዮጵያ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በዘመናዊ ትምህርት ቤቶች ይታወቅ ነበር፤ ከአብዮቱ በኋላ ተቋርጦ በቅርብ ዘመን እንደገና ተጀምሯል። ወጣትን በሜዳ ማሠልጠን ግን ለዚህ አካባቢ ባዳ አይደለም። በገዳ ሥርዓት ልጆች በየስምንት ዓመቱ ከእርከን ወደ እርከን እየተሸጋገሩ ለኃላፊነት ይዘጋጁ ነበር። ይህ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ሆለታም ከጣሊያን ወረራ ጥቂት ቀደም ብሎ በስዊድን መኮንኖች መሪነት የጦር ትምህርት ቤት ተከፍቶ ወጣቶች ሠልጥነውበታል። ከጊንጪ አቅራቢያ የተወለዱት ጃገማ ኬሎ ደግሞ ጠላት በ1928 ዓ.ም. ሲገባ ገና የ15 ዓመት ልጅ ነበሩ። ደኑንና ሸለቆውን እንደ ጓዳቸው ያውቁት ስለነበር ጎልማሶችን ሳይቀር እየመሩ አምስቱን ዓመት ተዋጉ። የበጋው መብረቅ የሚለውን ስም አትርፈው፣ በኋላም ሌተና ጄኔራል ሆነው ኖረዋል።

የገበሬ ልጅ ከብት ሲጠብቅ ያደገ እንደሆነ ባደን ፓውል በሠላሳ ዓመት የሰበሰበውን ዕውቀት ግማሹን ሳይማረው ያውቀዋል። የትኛው እንጨት በርጥቡ እንደሚነድ፣ ደመናው ከየት በኩል ሲነሣ ዝናብ እንደሚያመጣ፣ የጠፋች ጊደር ኮቴ ወዴት እንደሚያመራ ለእረኛ አይነገረውም። በከተማ የሚያድገው ልጅና የሚመራው ወጣት ግን ይህን አያገኙትም። የባደን ፓውል ብልሃት በእረኛና በአዳኝ ልምድ ውስጥ የነበረውን ዕውቀት ደረጃ በደረጃ አሰናድቶ፣ ከልጁ አስቀድሞ ለመሪው ማስተማሩ ነው።

ዛሬ በወንጪ ዳር ወይም በጭልሞ ደን ሊያድር የሚነሣ የወጣት መሪ ከጊልዌል የሚወርሰው ቁምነገር አለ። ልጆቹን ከመውሰዱ በፊት ራሱ ሄዶ እዚያው ቦታ አንድ ሌሊት ይደር። ድንኳን በደረቅ ወንዝ ውስጥ አይተከልም፤ በሰፈሩ ጠብታ ሳይወርድ በላይኛው ተራራ የዘነበ ዝናብ በለሊት ጎርፍ ሆኖ ሊደርስ ይችላልና። ነጎድጓድ ሲያጉረመርም ብቻዋን በቆመች ዛፍ ሥር መጠለል ለመብረቅ መጋለጥ ነው። የደጋው ውርጭ ቢበረታም የከሰል እሳት ወደ ድንኳን አይገባም፤ ሽታ የሌለው መርዙ የተኛን ሰው ሳያነቃ ይገድላል። ውኃ ሳይፈላ አይጠጣም። መጸዳጃ ከውኃ ርቆ ይቆፈራል። እሳት በውኃ ጠፍቶ፣ ዐመዱ ተቆስቁሶ፣ በእጅ ተዳስሶ መቀዝቀዙ ሳይረጋገጥ ሰፈር አይለቀቅም፤ የጥድ ደን ለመብቀል የሚፈጀው ዘመን ለመቃጠል አንድ ከሰዓት ይበቃዋልና። ልጆቹ ሲወጡም ሲመለሱም ይቆጠራሉ። ጉዞው ወዴት እንደሆነና መቼ እንደሚመለስ በመንደሩ ለሚቀር ሰው ይነገራል። ከአካባቢው አርሶ አደሮች አንድ ዐዋቂ ሰው ቢጠየቅ ደግሞ ከየትኛውም መጽሐፍ የተሻለ ይመራል።

ባደን ፓውል በአፍሪካ ላይ የፈጸመው በደል ባስተማረው ነገር አይሰረዝም፤ ያስተማረውም በበደሉ ምክንያት አይጣልም። ስካውት ተብሎ የሚጠራውን ማኅበር መሥርቶ አሥራ ሁለት ዓመት ከሠራ በኋላ የደረሰበት ድምዳሜ ግን ለአምቦም ለጊንጪም ይሠራል። ልጅን ሜዳ ላይ የሚጠብቀው የመሪው ዕውቀት ነው፤ ያም ዕውቀት የሚገኘው መሪው ራሱ አስቀድሞ በድንኳን አድሮ፣ በእጁ አብስሎ፣ በዝናቡ ርሶ ሲማር ነው።